የቦይለሩ ውል ከመፈረሙ በፊት መሬቱ ይጠና፤ ለቤቶቻችን አስተዳደር ቦርድ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበራችሁ የቦርዱ ሰብሳቢና አባላት፣

ጤና ይስጥልን።

እኛ በሰሜን ካናዳ፣ እናንተ በምታስተዳድሯቸው የኪራይ ቤቶች የምንኖር ተከራዮች ነን። የዚህን ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ በቢሯችሁ አስገብተናል። በአማርኛም ያወጣነው ከመካከላችን ብዙዎቹ ጉዳዩን በደንብ የሚከታተሉት በዚህ ቋንቋ ስለሆነ ነው። በሌሎች ብርዳማ ከተሞች ያሉ ወገኖቻችንም እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲመጣባቸው ምን ብለው እንደሚጠይቁ ይወቁ ብለን ነው።

ያስጻፈን ነገር ይሄ ነው። ቤቶቹን የሚያሞቁትን ያረጁ የናፍጣ ቦይለሮች በአዲስ የናፍጣ ቦይለሮች ለመተካት ወስናችኋል። የተከራዮች ኮሚቴ ከዚያ በፊት አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፦ የበጋውን ሙቀት ከቤቶቹ አጠገብ መሬት ውስጥ አስቀምጦ ክረምት ላይ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ይጠና። እናንተ ግን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ዘጋችሁት። ጥናት አልተደረገም። ባለሙያ አልተጠየቀም። ውሉ በጸደይ ይፈረማል ተብሏል። አንድ ቦይለር አንዴ ከተተከለ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ዛሬ የምትፈርሙት ወረቀት ልጆቻችን አድገው ከቤት እስኪወጡ ድረስ የምንከፍለውን ሂሳብ ይወስናል።

በመጀመሪያ ቤቶቹ እንዴት እንደከረሙ እንንገራችሁ። ባለፈው ክረምት፣ ውጭው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ በነበረበት ሳምንት፣ የኋለኛው ሕንፃ ቦይለር ቆመ። መለዋወጫው ከደቡብ በአውሮፕላን እስኪመጣ ድረስ ሰው በትንንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበር የሚውለው። ሁሉም ባንዴ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ያኔ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። አንዲት አራስ ከነልጇ ጎረቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎላት አደረች። ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት እናት ደግሞ ኦቭኑን ከፍተው ፊቱ ቁጭ ብለው ሲሞቁ ልጃቸው ከሥራ ሲመለስ ደረሰ። ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። «ለአደጋ ጊዜ» ተብሎ የተሰጠን ስልክ ግን ሲደወልበት መልእክት ተዉ ከማለት ውጪ ሰው አያነሳውም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የኪራይ ውላችን የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው ወደ ተከራዩ ይተላለፋል ይላል። ሲቀንስ ምን እንደሚሆን ግን አንድም ቃል የለውም። ባለፈው ክረምት ይህ ተጨማሪ ክፍያ ሲመጣ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ አንድ አባላችን ለእናቱ አገር ቤት በየወሩ የሚልከውን ገንዘብ ዘለለ። ሌላዋ የልጇን የበረዶ ጫማ መግዛት ለሚቀጥለው ደሞዝ አስተላለፈች። የውሳኔያችሁ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ነዳጅ ሲወደድ ከፋዩ ቦርዱ አይደለም። ስለዚህ ማሞቂያ ስትመርጡ የምታነጻጽሩት የመግዣውን ዋጋ ብቻ ነው። ለሃያ ዓመት የሚቃጠለው ናፍጣ ዋጋ በሠንጠረዣችሁ ውስጥ የለም፤ ምክንያቱም እሱ ያለው በእኛ ኪስ ነው።

ናፍጣው ራሱ መድረሱም እርግጠኛ አይደለም። በ2024 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እዚሁ ሰሜን ካናዳ የማኬንዚ ወንዝ ውኃ ከመጠን በላይ ጎደለና ወደ ኖርማን ዌልስ የሚሄዱት የጭነት ጀልባዎች ተሰረዙ። ኖርማን ዌልስ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ነዳጅ የተገኘባት ከተማ ናት። እንዲያም ሆኖ ነዋሪዎቿ የሚሞቁበት ነዳጅ በአውሮፕላን እየተጫነ ነበር የሚገባላቸው። እዚያ የደረሰው እኛ ጋ ሊደርስ አይችልም የሚል ሰው ካለ ቀርቦ ያስረዳን።

ሌላው ቅሬታችን ውሳኔው የተሰጠበት መንገድ ነው። ስብሰባው የተጠራው በሥራ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ ልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ ተለጠፈ። በዚያ ሰዓት ሌሊት የሠራው ሰው ተኝቷል፤ ሆስፒታል የምታጸዳዋም ሺፍት ላይ ናት። ከጥቂት ሰው በቀር ማንም አልተገኘም። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ተከራዮች ተነግሯቸው ተቃውሞ አላቀረቡም» ተብሎ ሰፍሯል። ይህ እውነት አይደለም፤ እንዲታረም እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ምላሻችሁ እንምጣ። ሦስት ምክንያት ሰጥታችኋል። ለሰሜን አይሆንም፤ አልበርታ በምትባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር ተሞክሮ ተዘግቷል፤ ውድ ነው። ሦስቱንም በጥሞና ተመልክተናቸዋል።

መጀመሪያ ሐሳቡ ምን እንደሆነ ላልሰሙት እናስረዳ። በበጋ ጣሪያ ላይ ያሉ የፀሐይ ሰብሳቢዎች በውስጣቸው የሚዞረውን ፈሳሽ ያሞቃሉ። ፈሳሹ ወደ መሬት በጥልቀት በተቆፈሩ ቀጫጭን ጉድጓዶች ውስጥ ባለ ቱቦ ይወርድና ሙቀቱን ለዓለቱ ትቶ ይመለሳል። ክረምት ሲመጣ ቀዝቃዛው ፈሳሽ ወርዶ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ከመካከላችን ከሐረርጌ የመጣን ሰዎች አለን። ማሽላ በመከር ጊዜ ጉድጓድ ገብቶ በክፉ ቀን ሲወጣ እያየን ስላደግን ነገሩ ለመረዳት አልከበደንም። ሙቀት ግን ከእህል በተለየ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቀስ እያለ ይሸሻል። እንደ ዕድል ሆኖ በዓለት ውስጥ በጣም ዘገምተኛ ነው። በስድስት ወር የሚጓዘው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ክምችቱ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ከጠቅላላው የሚጠፋው ድርሻ ያንሳል። ለአንድ ቤት ብቻ ቢሠራ አብዛኛው ሙቀት ዳር ዳሩን ያመልጣል። ለብዙ ቤት አንድ ላይ ሲሠራ መሃሉ እንደሞቀ ይቆያል። አንድ ተከራይ ለብቻው ሊያደርገው የማይችለው ነገር ነው የምንለውም ለዚህ ነው። ሊያደርገው የሚችለው ሕንፃዎቹን አንድ ላይ የያዘው አካል ነው፤ እሱም እናንተ ናችሁ።

«ለሰሜን አይሆንም» ያላችሁት ትክክል አይደለም። በሰሜን ስዊድን፣ ከአርክቲክ ክበብ ብዙም ሳትርቅ፣ ሉሌኦ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ በ1983 እያንዳንዳቸው 65 ሜትር የሚጠልቁ 120 ጉድጓዶች ዓለት ውስጥ ተቆፈሩ። በበጋ ከብረት ፋብሪካ የሚተርፈው ሙቀት ወደ ዓለቱ ይገባ ነበር፤ በክረምት የዩኒቨርሲቲውን ሕንፃ ያሞቅ ነበር። ዓመታት ሠርቷል። ይህ የሆነው ከአርባ ዓመት በፊት ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ገና አልተወለዱም ነበር።

ፀሐይ የለንም የሚለውም አያስኬድም። እንደ የሎውናይፍ ባሉ የሰሜን ከተሞች ሰኔ አጋማሽ ላይ ቀኑ ወደ 20 ሰዓት ይረዝማል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ከ5 ሰዓት በታች ይወርዳል። ችግራችን ፀሐይዋ በምንፈልጋት ጊዜ አለመኖሯ ነው። ወቅትን ከወቅት የሚያገናኝ ማከማቻ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። በበጋ ልጆቻችን እንዲተኙ መስኮቱን በፎይል እንሸፍናለን፤ በዚያው ሰዓት ጣሪያው ላይ የሚወርደው ሙቀት በሙሉ ዝም ብሎ ይባክናል።

የሰሜን መሐንዲሶች የመሬትን ሙቀት መቆጣጠር አያውቁም የሚለንም ካለ፣ የሎውናይፍ ዳር ያለውን የጃይንት ወርቅ ማዕድን ይመልከት። እዚያ ከመሬት በታች 237 ሺህ ቶን መርዘኛ የአርሴኒክ ዱቄት ተቀብሯል። ዱቄቱ ከውኃ ጋር እንዳይገናኝ በዙሪያው ያለው ዓለት በርዶ እንዲቆይ የሚያደርግ ሥራ ተጀምሯል። ለዚህም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞሉ ቱቦዎች መሬት ውስጥ ይተከላሉ። ቱቦዎቹ ያለ ፓምፕ በክረምቱ ብርድ ብቻ እየሠሩ ሙቀቱን ከታች እየሳቡ ወደ ላይ ያስወጡታል። ይህ ማለት ሰሜን ላይ የክረምትን ብርድ መሬት ውስጥ ማስቀመጥ ይታወቃል ማለት ነው። ሙቀት ማስቀመጥ የራሱ ሌላ ጣጣ አለው፤ የማይታወቅ ዓለም ግን አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያታችሁ ከሁሉም የከበደው ነው፤ እኛም ረዘም አድርገን ያየነው እሱን ነው። ከካልጋሪ በስተደቡብ ኦኮቶክስ የምትባል ከተማ ውስጥ ድሬክ ላንዲንግ የተባለ 52 ቤቶች ያሉት መንደር አለ። በ2007 ሥራ ጀመረ። ጋራዦቹ ጣሪያ ላይ 800 ያህል የፀሐይ ሰብሳቢዎች ነበሩት። ከመሬት በታች ደግሞ 35 ሜትር ያህል የሚጠልቁ 144 ጉድጓዶች። በመጀመሪያው ዓመት ከማሞቂያው ፍላጎት ከፀሐይ የተገኘው ግማሽ ያህሉ ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ቀዝቃዛ መሬት ለመሞቅ ዓመታት ይፈልጋል። በአምስተኛው ዓመት ከመቶ 97 ደረሰ። በ2015 እና 2016 መካከል በነበረው ክረምት ሙሉ በሙሉ፣ መቶ በመቶ፣ በፀሐይ ሙቀት ከረመ። አልበርታ ውስጥ፣ ክረምቱ ቀልድ በማያውቅበት አገር።

እውነት ነው፣ በ2024 ሥርዓቱ እንዲዘጋ ተወሰነ፤ ቤቶቹም በተፈጥሮ ጋዝ ወደሚሠራ ማሞቂያ ተዛወሩ። ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ለምን እንደተዘጋ በደብዳቤያችሁ ላይ አልጻፋችሁም። ያረጁት ከመሬት በላይ ያሉት ዕቃዎች ናቸው፤ ሰብሳቢዎቹና መገጣጠሚያዎቹ። ብዙዎቹ በአንድ የሙከራ መንደር ልክ የተሠሩ ስለነበሩ ሲበላሹ መለዋወጫቸውን ማግኘት ከባድ ሆነ፤ የሚጠግን ባለሙያም እንደዚያው። መሬቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሥራውን ሠርቷል። ዝም ብሎ «ተዘግቷል» ማለት፣ መኪናው መለዋወጫ አጣ ብሎ መንገዱ አይሠራም እንደማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። በገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ መምረጥ ያስፈልጋል። ጥገናው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጀት ይያዝለት። ማሽኑን የሚያውቅ ሰው እዚሁ ከተማ ይኑር። እኔ ይህን የምጽፈው የኮሚቴው ጸሐፊ አዲስ አበባ በቧንቧ ሥራ ሠልጥኜ ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። እዚህ ታክሲ እነዳለሁ። በሕንፃችን ውስጥ ኤሌክትሪሺያን የነበረ አለ፣ ብየዳ የሚያውቅ አለ። ሥልጠና ቢሰጠን ፓምፕና ቫልቭ የምንከታተል ሰዎች በቅርብ አለን። ባለሙያ ከደቡብ በአውሮፕላን እስኪመጣ አራስ ልጅ በብርድ አያድርም።

አንድ ልዩነት ደግሞ አለ፤ ለእኛ ወሳኙ እሱ ነው። የድሬክ ላንዲንግ ነዋሪዎች ሥርዓቱ ሲዘጋ የሚሸሹበት በቧንቧ የሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነበራቸው። እኛ የለንም። የእኛ አማራጭ በታንከር የሚመጣ ናፍጣ ነው። ስለዚህ እነሱ ጋ ያላዋጣ ሂሳብ እኛ ጋ ያዋጣ ይሆናል። ያዋጣል ብለን አልደመደምንም። ይቆጠር ነው ያልነው።

ውድ ነው ላላችሁት፣ ስንት? ከምን ጋር ተነጻጽሮ? በደብዳቤያችሁ ላይ አንድም ቁጥር የለም። የየሎውናይፍ ከተማ ሥራ ካቆመው የኮን ወርቅ ማዕድን ጥልቀት ሙቀት አውጥታ ሕንፃዎችን ለማሞቅ አስባ ነበር። ነገሩ ከማከማቻው ይለያል፤ ሙቀቱ የመሬቱ የራሱ ነው። ለዚያም በ2011 እስከ 49 ሚሊዮን ዶላር ልበደር ወይ ብላ ነዋሪዎቿን በድምፅ ጠየቀች። ነዋሪዎቹ አይሆንም አሉ። መልሳቸው ትክክል ነበር አልነበረም ሌላ ክርክር ነው። ግን ቁጥሩ ተነገራቸው፤ ተጠየቁ። እኛ ሁለቱንም አላገኘንም።

ሙቀቱ ሁሉ ከፀሐይ ይምጣ ብለንም አልጠየቅንም። የናፍጣ ጄኔሬተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ከመቶ 40 ያህሉ ነው። የቀረው በጭስና በማቀዝቀዣ ውኃ በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በአንዳንድ የሰሜን ከተሞች ከዚህ ላይ እየተቀነሰ ትምህርት ቤቶችና የውኃ ጣቢያዎች በክረምት ይሞቃሉ። በበጋ ግን ፈላጊ ስለሌለው አየር ላይ ይበተናል። ሉሌኦ ከብረት ፋብሪካው እንደወሰደችው፣ ይህም መሬት ውስጥ መግባት ይችላል። ሰብሳቢ ከመግዛት ሊረክስ ይችላል። ይህን ማንም አላየውም።

ከኮሚቴያችን ውስጥም የሚያሳስበን አለ። ሁሉም መሬት ለዚህ አይሆንም። በስንጥቁ በረዶ የያዘ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ አፈር ካለ፣ ሙቀት ማስገባት አፈሩን አቅልጦ ሕንፃ ሊያዘምም ይችላል። በሰሜን ይህ ያስፈራል፤ ሊያስፈራም ይገባል። የእኛ ሠፈር ግን ግማሹ ራቁት ዓለት ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ዳር አፈር እንኳ የለውም። ከዓለቱ በታች ምን እንዳለ ሳይቆፈር አይታወቅም። ሳይቆፈር እንደማይሆን ማወቅም አይቻልም። ከታየ በኋላ አይሆንም ከተባልን እንቀበላለን፤ ይህን በስብሰባ ተስማምተንበታል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የቦይለሩ ውል እንዲዘገይ። አሮጌዎቹ አንድ ክረምት የማይደርሱ ከሆነ የተበላሸውን ብቻ ቀይሩ፣ ወይም አነስ ያለ መጠባበቂያ ግዙ፤ ለሃያ ዓመት ሙሉ መጠን አትግዙ።

በመኪና ማቆሚያው ዳር አንድ የሙከራ ጉድጓድ እንዲቆፈርና በቱቦው ሙቅ ውኃ ለጥቂት ቀናት እየዞረ የዓለቱ ሙቀት አያያዝ እንዲለካ። ለዚህ ዓይነት ሥራ የተለመደ ሙከራ ነው፤ ሙሉ ሥርዓቱን መገንባት አይጠይቅም። በተመሳሳይ ጊዜ በረዶ የያዘ አፈር መኖር አለመኖሩ ይታያል። የኃይል ማመንጫው በበጋ የሚጥለው ሙቀት ምን ያህል እንደሆነም ባለቤቱ በጽሑፍ ይጠየቅ።

የሁለቱም አማራጮች ወጪ ነዳጅንና ጥገናን ጨምሮ ለሃያ ዓመት ተሰልቶ ለተከራዮች ይፋ ይሁን። ስሌቱን የሚሠራው ቦይለሩን የሚሸጠው ድርጅት እንዳይሆን አደራ እንላለን።

የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያው አንቀጽ ይስተካከል፤ ዋጋ ሲወርድም ቅናሹ ይድረሰን። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ጭማሪ አይጣል።

የአደጋ ጊዜ ስልኩን ሌሊትም ሰው ያንሳው። ቶሎ ቶሎ የሚበላሹት የቦይለር ዕቃዎች መጪው ብርድ ሳይገባ ተገዝተው መጋዘን ይቀመጡ። ይህ ከጥናቱ ጋር አይገናኝም፤ ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ነው።

ስብሰባዎች ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ በአስተርጓሚ ይሁኑ። በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ ያለው አንድ የተከራዮች ተወካይ በቦርዱ ይቀመጥ። ያ የተሳሳተ ቃለ ጉባኤም ይታረም።

መልሳችሁን ከሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባችሁ በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን። ልታነጋግሩን ከፈለጋችሁ ማንኛውም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመቸናል፤ የመሰብሰቢያ ክፍሉን እኛ እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የተከራዮች ኮሚቴ ጸሐፊ
በኮሚቴው አባላትና በሁለቱ ሕንፃዎች ተከራዮች ስም